«ቤዝ የለኝም» ለምትሉ ልጆቼ

ይድረስ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለምትማሩ ወጣቶች፤

እንግሊዝኛ በማስተማር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም የጎረቤት ልጆች ደጄን ስለማይለቁ፣ ተማሪ ስለዚህ ቋንቋ ምን እንደሚያስብ መስማቴን አላቆምኩም። ከሁሉም አብዝቼ የምሰማው «እኔ እኮ ቤዝ የለኝም» የሚለውን ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪውም፣ የመውጫ ፈተና የሚጠብቀው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም እኩል ይሉታል። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ልጅ ችግሩን በሙሉ አንደኛ ክፍል ላይ ጥሎት ስለሚመጣ፣ ዛሬ ማታ ሊሠራው የሚችለው ነገር መኖሩ አይታየውም።

ያለምክንያት ትሉታላችሁ አልልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ቆይቶ በሁለተኛ ደረጃ መማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ልጅ በሚገባው ቋንቋ መጀመሩን ዛሬም እደግፋለሁ። የሚከብደው መሻገሪያው ነው፤ በሳምንት በጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ቋንቋውን ከክፍል ውጭ ተናግሮት ከማያውቅ መምህር እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ክረምቱ ሲያልፍ ዘጠነኛ ክፍል ይገባል፤ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ፊዚክሱም በአንድ ቀን ቋንቋ ይቀይሩበታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ የምንለው የቴሌቪዥን ትምህርት ሲመጣ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ማንም ሳይመልስለት «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፍ ነበር። ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ እየሳቁ ይነግሯችኋል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገርም፣ ምክንያቱ ብዙ መሆኑን ባውቅም፣ መልሱን እያወቁ ጥያቄው ያልገባቸው ልጆች ትዝ አሉኝ።

ቋንቋው ራሱም ቢሆን ከእኛው የራቀ ነው። ፊደላችን የሚጻፈውና የሚነበበው አንድ ስለሆነ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሲነበብ ልጅ ግራ ይጋባል። በአማርኛ ማን እንዳደረገው ግሱ ውስጥ ስላለ ባለቤቱን ለብቻው መጥራት ይረሳል፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣም የእነሱ ዐረፍተ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ቶሎ አይያዝለትም። እነዚህ ግን በልምምድ የሚለቁ ናቸው፤ ለዓመታት የማይለቀው ሌላ ነው።

እሱም ሳቅ ነው። አንድ ተማሪ ለፕሬዘንቴሽን ይወጣና «አይ አም አግሪ» ይላል። ከኋላ ወንበር ሳቅ ይፈነዳል፤ ልጁ ላብ ያጠምቀዋል፣ የያዘውን ወረቀት አንገቱን ደፍቶ አንብቦ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቀን በኋላ በፈቃዱ እጁን አያወጣም። የሳቁት ልጆችስ? ብታስነሷቸው አብዛኞቹ ያንኑ ይሉታል። እርስ በርሳችን እንዲህ ስንጠባበቅ ክፍሉ በሙሉ ዝም ይላል። ቀስ ብሎ የሚሞክረውን «ጉራ ነው፣ ፈረንጅ ሊሆን ነው» እንለዋለን፤ ተሳስቶ የሚሞክረውን እንስቅበታለን፤ ከዚያ ሰዋስው በቃሉ የሸመደደ፣ ክፍት ቦታ ሙላ ሲባል አሥር ከአሥር የሚያመጣ፣ ነገር ግን ስሙን ተጠይቆ የሚንተባተብ ሰቃይ ተማሪ እናፈራለን። በእኔ አስተያየት ከመጽሐፍ እጥረትም፣ ከመምህር ድክመትም በላይ የጎዳን ይህ ነው፤ የሚያስተካክለውም ሚኒስቴር ሳይሆን እናንተው ናችሁ።

በገዛ አገራችን የውጭ አገር ቋንቋ ያህል የራቀ ልሳን እንዴት እንደሚለመድ የሚያውቁ ሰዎች ሁልጊዜም ነበሩ። በግእዝ ቅኔ የሚማሩባቸውን የጎጃሞቹን የዋሸራንና የጎንጅን ቅኔ ቤቶች አስቡ። ግእዝ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ካልሆነ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ የቆሎ ተማሪው እናቱ ዘንድም፣ ገበያም አይሰማውም። ሆኖም ግሥና አገባብ እየተማረ፣ እስኪጨርስ ሳይጠብቅ፣ ጉባኤ ቃና የምትባለውን ባለሁለት ቤት (ባለሁለት ስንኝ) አጭር ቅኔ ራሱ እንዲቆጥር፣ ማለትም እንዲደርስ ይደረጋል። ብቻውን ገለል ብሎ ይቆጥራል፤ ከዚያ በባልንጀሮቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የታረመበት ልጅ በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። እንዲህ እያለ ከጉባኤ ቃና ባለሦስት ቤት ወደሆነው ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ወደ ረዘሙት ያልፋል። እርማቱ በጉባኤ መሆኑ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ባዶ እጅ መቅረብ ነው። እኛ ግን በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሥርዓቱን ገልብጠን፣ ሕጉን አሥራ ሁለት ዓመት አስተምረን መናገሩን ለመጨረሻ አቆየነው።

በጀልባ መነሻው አካባቢ እንግዳ ይዘው ወደ ዘጌ የሚሻገሩትን አስጎብኚ ልጆችም ልብ ብላችሁ እዩ። ገና በልጅነታቸው በየመንገዱ «ዌር አር ዩ ጎ» እያሉ የጀመሩ ናቸው። ዛሬ ስለ ዘጌ ቡና፣ ስለ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች አፋቸውን ሞልተው ይተርካሉ፣ ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ፣ ዋጋም ይከራከራሉ። ይህን ስል እንግሊዝኛ ማለት ያ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከእነሱ ብዙዎቹ አንድ ገጽ የላቦራቶሪ ሪፖርት ጻፉ ቢባሉ ይቸገራሉ፣ እናንተ ደግሞ የምትፈተኑት በዚያ ነው። ነገር ግን ከእናንተ የጎደለው ድፍረት እነሱ ዘንድ አለ፤ እሱን ተበደሯቸው። ሁለት ሆናችሁ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ እስከ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእግር ስትወርዱ በእንግሊዝኛ ብቻ ተነጋገሩ። ቃል ሲጠፋባችሁ በሌላ አዙራችሁ ግለጹት እንጂ ወደ አማርኛ አትመለሱ። የሚሰማው ሰው መሀል ላይ አያርም፤ ስትጨርሱ አንድ ወይም ሁለት ስሕተት ብቻ ይንገራችሁ። ስለ አነጋገር ዜማችሁ አትጨነቁ፤ የሌላ አገር ሰው ለመምሰል ከመድከም ሰሚው እንዲገባው ረጋ ብሎ መናገር ይበቃል።

ንባብ ላይ ደግሞ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ተማሪ የባዮሎጂ መጽሐፍ ይከፍትና የማያውቀውን ቃል ሁሉ እያሰመረ አማርኛውን በእርሳስ ከላይ ይጽፍበታል። ገጹ ይጠቁራል፣ ሰዓቱ ያልቃል፣ አንቀጹ ምን አለ ብትሉት ግን አያውቅም። መጀመሪያ አንቀጹን ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ዝለሉት፤ ደጋግሞ የመጣውንና ያለ እሱ ሐሳቡ የማይያዘውን ቃል ብቻ ከመዝገበ ቃላት ፈልጉ። ከዚህም በላይ ጉዳዩን በአማርኛ የምታውቁትን ነገር በእንግሊዝኛ ማንበብ ይረዳል። እምቦጭን የማያውቅ የጣና ዳር ልጅ የለም፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐይቁን ሲወርረው አይታችኋል፣ በዘመቻ ወጥታችሁ ነቅላችኋል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም መሆኑን፣ እንዴት እንደሚራባ፣ ዓሣውን ምን እንደሚያደርገው በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል። በጣና ብቻ ስለሚገኙት የዓሣ ዝርያዎችም እንዲሁ። ነገሩን ስለምታውቁት ቃሉ በራሱ ይገለጥላችኋል፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ከሆናችሁማ ከጸሐፊው ጋር ሳትከራከሩ አትቀሩም።

አማርኛችሁን ግን አትጣሉት። በየካፌው ሦስት ቃል ተናግሮ ሁለቱን «ቤዚካሊ» እና «ሶ» የሚያደርግ ወጣት አያለሁ፤ በሁለቱም ቋንቋ አንድ አንቀጽ ጻፍ ቢባል አይጽፍም። በአማርኛ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ ለይቶ ማውጣት የለመደ ልጅ ያንን ችሎታ ወደ እንግሊዝኛው ይዞት ይሄዳል። እንግሊዝኛ የጎበዝነት መለኪያ አይደለም፤ የማይናገረው ሁሉ ደደብ፣ የሚናገረው ሁሉ አዋቂ አይምሰላችሁ። ወላጆችም ልጃቸው ፊደል ሳይለይ በእንግሊዝኛ ቆጠረ ብለው ሲደሰቱ ስሰማ ይከፋኛል፤ ይህን ግን ለእነሱ ሌላ ጊዜ እጽፍላቸዋለሁ።

አሁን ደግሞ ስልካችሁ ላይ ሁሉን የሚተረጉም፣ ድርሰትም የሚጽፍ መሣሪያ መጥቷል። አትንኩት አልላችሁም፤ ብላችሁም አትሰሙኝም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቁ። አንድ ገጽ በራሳችሁ እንግሊዝኛ ጻፉ፤ ከዚያ ስልኩ ያርመው፤ ያረመውን ከጻፋችሁት ጋር ጎን ለጎን አድርጉና ደጋግማችሁ የምትሳሳቱትን አንድ ነገር ለዩ፤ በሚቀጥለው ገጽ ያችን ብቻ ተጠንቀቁ። በብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የእንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል የሚባል ክፍል አለ፤ ብዙ ተማሪ በሩን ሳያንኳኳ ይመረቃል። ያንን የጻፋችሁትን ገጽ ይዛችሁ ግቡ፤ «ቤዝ የለኝም» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ወረቀቱን አቅርቡና የት ላይ እንደሳታችሁ ያሳዩአችሁ።