ኔማቶድ ቆጥሬ ሥራ አገኛለሁ?

ጥያቄ፦ በአፈር ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችና አጠገባቸው ባሉ የእርሻ ማሳዎች የአፈሩ ባሕርይና የኔማቶድ (አፈር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ትሎች) ብዛት ያላቸውን ግንኙነት እንዳጠና ሐሳብ አቀረበልኝ። ጓደኞቼ የሚሠሩት ማዳበሪያና ኖራ ላይ ነው። እኔ ትል ስቆጥር ከርሜ ሥራ ባጣስ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ርዕሱን ያዢው። ብቻ የቆጠራ ሥራ ሆኖ እንዳይቀር። የአፈሩን ኬሚስትሪም፣ በውስጡ ያለውን ሕይወትም አንድ ላይ ማንበብ የሚችል ሰው ብዙ የለም። ዋጋሽ እዚያ ላይ ነው።

ስለ ሥራው በግልጽ ልንገርሽ። «የኔማቶድ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እንደ ልብ አታገኚም። ቅጥሩ የሚወጣው በዕፅዋት ጥበቃ፣ በአፈር ላቦራቶሪ፣ በኳራንቲን ወይም በመምህርነት ስም ነው። ችግሩ ግን ገበሬው ማሳ ውስጥ አለ። የቲማቲም ሥር እየቋጠረ ምርቱ ሲቀንስ፣ የእንሰት ሥር ሲቆስል፣ የጽጌረዳ እርሻ ላይ ተክሉ ሲቀጭጭ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ኔማቶድ ነው። ያንን በማይክሮስኮፕ አይታ ማረጋገጥ የምትችል ልጅ ትፈለጋለች። ደግሞም ፒኤች (የአፈሩን አሲዳማነት)፣ ኦርጋኒክ ካርቦን (ከበሰበሰ ሕይወታዊ ነገር የተገኘውን ካርቦን) እና የአፈር ዓይነት መለካትሽ አይቀርም። ስለዚህ ጓደኞችሽ የሚወዳደሩበት ቦታ ላይ አንቺም ትወዳደሪያለሽ።

አሁን ወደ ጥናቱ ልግባ። ሲቪሽን የሚያሳምረው ርዕሱ ሳይሆን አሠራርሽ ነው።

መጀመሪያ፣ ጠቅላላ ቁጥር ላይ አትንጠልጠዪ። ማሳው ከደኑ የበለጠ ኔማቶድ ቢያሳይሽ አትደንግጪ። ሰብል የሚወዱ ጥቂት ዓይነቶች ብቻ ተራብተው ሊሆን ይችላል። ዋናው ጥያቄ «እነማን ናቸው?» የሚለው ነው። ባክቴሪያ የሚበሉ አሉ፣ ፈንገስ የሚበሉ አሉ፣ ሥር የሚወጉ አሉ፣ ሌሎችን እያደኑ የሚበሉም አሉ። ቶም ቦንገርስ የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ለኔማቶድ ቤተሰቦች ከ1 እስከ 5 ደረጃ የሚሰጥ መለኪያ አወጣ። 1 በፍጥነት የሚራቡት ናቸው፤ 5 ደግሞ ቀስ ብለው የሚያድጉና ረብሻ የማይችሉት። በየዓመቱ የሚታረስ መሬት ላይ ብዙ ጊዜ የላይኞቹ ደረጃዎች ይሳሳሉ። ሳይታረስ የቆየ ደን ውስጥ ደግሞ የተሻለ ዕድል አላቸው።

ሁለተኛውን ጉዳይ ብዙ ተመራቂዎች ይስቱታል። ደኑ ውስጥ ካርቦኑም፣ እርጥበቱም፣ የአፈሩ ልቅነትም ከማሳው አብረው ይለያያሉ። የሁለቱን መረጃ አንድ ላይ ጨፍልቀሽ ካርቦንን ከኔማቶድ ብታዛምጂ ቆንጆ መስመር ይወጣልሻል። ያ መስመር ግን የሚናገረው «ደን ማሳ አይደለም» የሚለውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ዝምድናውን በደኑ ውስጥ ለብቻ፣ በማሳው ውስጥም ለብቻ ፈትሺው። ከአንድ ማሳ 30 ናሙና መውሰድም 30 ማሳ አያደርገውም። ከአንዱ ብዙ ከመቆፈር ብዙ ደኖችን ከነጎረቤት ማሳቸው ጥንድ ጥንድ አድርጎ መውሰድ ይሻላል። የአካባቢሽ ጸጋ እዚህ ላይ ነው፤ ወይራና ጽዱ የቆመበት አጥር ግቢና ከሥሩ የታረሰው መሬት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አፈር ላይ ናቸው። ቁፋሮ ከመጀመርሽ በፊት ግን የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅጂ። አውገር (የአፈር መሰርሰሪያ) ይዘሽ ሳትጠይቂ እንዳትገቢ።

ኦርጋኒክ ካርቦን ላይ ተስፋ ብታደርጊ ትክክል ነሽ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከመላው ዓለም ከ6,700 በላይ ናሙናዎችን ያሰባሰበ ትልቅ ጥናት ከአየር ንብረቱ ይልቅ የአፈሩ ባሕርይ፣ በተለይም ኦርጋኒክ ካርቦን፣ የኔማቶድን ብዛት አጥብቆ እንደሚወስን አሳይቷል። የአፈር ዓይነትንም አትርሺ። ኔማቶድ የሚንቀሳቀሰው በቅንጣቶች መካከል ባለ ስስ ውኃ ውስጥ ነው። ሥር የሚያሳብጡት ዓይነቶች አሸዋማ አፈር ይመቻቸዋል፤ የታመቀ ሸክላ ደግሞ መንገዱን ያጠብባቸዋል።

ናሙናሽን እዚያው ሜዳ ላይ ለሁለት ክፈዪ። ለኬሚስትሪው የሚሆነው በጥላ ይደርቅና በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። ለኔማቶዱ የሚሆነው ግን መድረቅ የለበትም። ፌስታል ውስጥ አሽገሽ ከፀሐይ ከልለሽ አጓጉዢው፤ መኪና ውስጥ ከጋለ አለቀልሽ። ኔማቶዱን ከአፈሩ ለይቶ የሚያወጣው መሣሪያ ውድ አይደለም። ፈነል፣ የጎማ ቱቦ፣ ስስ ወረቀትና ውኃ ይበቃል። አፈሩን ፈነሉ ላይ በወረቀቱ አስቀምጠሽ፣ ውኃው እንዲነካው አድርገሽ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ስትተዪው በሕይወት ያሉት ወደ ታች ይወርዳሉ።

ከመወሰንሽ በፊት አማካሪሽን አንድ ነገር ጠይቂ፤ ኔማቶዶቹን መለየት ማን ያስተምረኛል? ሰው ካለ ያለ ስጋት ግቢበት። ከሌለ ደግሞ እስከ ዝርያ ልውረድ አትበዪ። በአፋቸው ቅርጽ እያየሽ በአመጋገብ መድቢያቸው፤ ለማስተርስ ይበቃል። ወደፊት መግፋት ከፈለግሽ ቤልጂየም ያለው ጌንት ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ ዓለም አቀፍ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። የመግቢያና የስኮላርሺፕ ማስታወቂያዎቹን ከአሁኑ ተከታተዪ። እስከዚያው ማታ ማታ አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ተለማመጂ፤ ነፃ ነው፣ መረጃሽ ሲደርስም ሌላ ሰው ደጅ አትጠኚም።