የቆየ መኪና ከውስጥ ሲያጉረመርም፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ቮልስም ይሁን ፊያት፣ ፔጆም ይሁን ላንድሮቨር፣ የቆየ መኪና የያዝን ጎንደሬዎች የምናማርረው አንድ ነገር አለ። አዘዞን አልፈን ነዳጅ ጠበቅ ስናደርግ ከጭስ ማውጫው "እምምም" የሚል ወፍራም ድምፅ ይነሳል። መኪናው ውስጥ ሞልቶ ጆሮ ይደፍናል። ባለመኪኖቹ ጥያቄያችሁን ሰብስባችሁ "እስቲ መልስልን" ብላችኋል። እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፔጆ 404 አለኝ። በ80 ላይ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው። በ60 ሰላም ነው፣ 90ን ካለፈም ይተወዋል። ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ሳጥን) ደግሞ አዲስ ነው። ምን ጉድ ነው?

መልስ፦ ጉድ የለውም፣ ሒሳብ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 ጊዜ ያቃጥላል። በደቂቃ 2,700 ዙር ሲዞር በሰከንድ 90 ጊዜ ጭስ ወደ ቱቦው ይተፋል። ይህ 90 ኸርዝ ነው። መኪናው ውስጥ የታፈነው አየር፣ ጣሪያውና ወለሉም የየራሳቸው የሚወዱት ድምፅ አላቸው። የጭሱ ምት ከዚያ ጋር ሲገጥም ሁሉም አብሮ ይርገበገባል። ፍጥነት ስትጨምር ወይም ስትቀንስ ይለያያሉ፣ ድምፁም ይጠፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያጉረመርምበትን ዙር እወቅ። የዙር መቁጠሪያ (አርፒኤም) ከሌለህ ስልክህ ላይ ኸርዝ የሚለካ አፕ ጫን። አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ይያዘው፣ አንተ መሪህን ያዝ። የመጣውን ቁጥር በ30 ስታባዛ ዙሩን ታገኛለህ። ይህን ሳያውቁ ማርሚታ መቀያየር ገንዘብ መበተን ነው።

ጥያቄ፦ ድምፁ ከጭስ ማውጫው ይሁን ከሌላ በምን እለያለሁ?

መልስ፦ አቁመህ፣ በዜሮ ማርሽ፣ ዙሩን ቀስ እያልክ ወደዚያው አድርሰው። ለስለስ ብሎም ቢሆን ከመጣ ጭስ ማውጫው ወይም ሞተሩን የሚሸከመው ጎሚኒ (የላስቲክ መያዣ) ነው። ካልመጣ ሜዳ መንገድ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ እየሄድክ ለአፍታ ዜሮ አድርገው። ሞተሩን ግን እንዳታጠፋ፣ ቁልቁለት ላይም እንዳትሞክረው። ድምፁ ከቀጠለ ጎማ፣ ኩሽኔታ ወይም ክሮቸራ (የማስተላለፊያ ዘንጉን መጋጠሚያ) ተመልከት። ያኔ የእኔ መልስ አይጠቅምህም።

ጥያቄ፦ የጣሪያ ሬንጅ ምንጣፍ ገዝቼ ወለሉን በሙሉ ላልብሰው አስቤያለሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። የጣሪያ ሬንጅ ፀሐይ ሲመታው ይሸታል፣ ይለሰልሳል፣ ከበር ላይማ ተንሸራቶ ይወርዳል። ለመኪና የተሠራው፣ ጀርባው አሉሚኒየም የሆነው የቡቲል ጎማ ይሻላል። እሱንም ቢሆን ወለሉን ሁሉ አትሸፍንበት። ሥራው ላሜራው እንዳይርገበገብ ማክበድ ነው። ከእያንዳንዱ ሰፊ ላሜራ መሐል ሲሶውን ቢይዝ ይበቃል። ላሜራውን በጣትህ ስታንኳኳው እንደ ቆርቆሮ መጮኹን ትቶ "ድብ" ካለ ሥራው አልቋል።

ስፖንጁን በተመለከተ አብዛኛው ሰው ይሸወዳል። ስፖንጅ የሚይዘው ቀጭን ድምፅ ነው፦ የንፋስ፣ የጎማ፣ የማርሽ ጥርስ ፉጨት። የ90 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 4 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሁለት ጣት የማይሞላ ስፖንጅ ምን ሊያደርገው? ምንጣፍ አንጣፊዎቹ ይህን አይነግሩህም።

ሞኬቱን ካነሳህ ግን አንድ ጥሩ አጋጣሚ አለህ። የበላ ላሜራ፣ የጠፋ የወለል ጎማ ክዳን፣ የመሪና የፍሬን ፔዳል ቀዳዳ ሁሉ ፈትሽ። ድምፅ እንደ ውኃ ነው፣ በትንሿ ቀዳዳ ይገባል። ከምንጣፉ በፊት ቀዳዳውን ድፈን።

ጥያቄ፦ መካኒኩ "ጉልበት ይጨምርልሃል" ብሎ የማርሚታውን ሆድ አስወጣው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ውስጥ መነጋገር አልቻልንም።

መልስ፦ ባለ ካርቡራተር ትንሽ ሞተር ላይ ይህን ያህል የሚሰማ ጉልበት አይገኝም። ጩኸቱ ነው ጉልበት የሚመስለው። ሆዱ ውስጥ የነበሩት ክፍልፋዮች ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርሱ እያጋጩ የሚያጠፉ ነበሩ። ሲመልሱልህም ባለ ክፍልፋይ ማርሚታ ይሁን። ወንፊት ቱቦ ያለው፣ በዙሪያው የመስታወት ጥጥ የታጨቀበት ዓይነት ቀጭኑን ድምፅ ይይዛል እንጂ ወፍራሙን ብዙም አይነካውም። ጥጡም ከጊዜ ጋር ተቃጥሎ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ጎን ላይ የተዘጋ ቱቦ አስበይዶ ድምፁን ያጠፋ ሰው አለ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ እኔም ከሁሉ የምወደው መላ እሱን ነው። ከዋናው ቱቦ ላይ ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ታወጣለህ። ድምፁ ገብቶ፣ ጫፉን ነክቶ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ተቃርኖ ይገናኛል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ሁለቱም ይጠፋፋሉ። የጭሱን መንገድ ስለማይዘጋ ከሞተሩ ጉልበት አይወስድም።

ሚስጥሩ ርዝመቱ ላይ ነው። የድምፅን ፍጥነት ለ4 እጥፍ ኸርዙ ታካፍላለህ። ቀዝቃዛ አየር ላይ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ትኩስ ጭስ ውስጥ ግን ወደ 450 ይጠጋል። ለ90 ኸርዝ 450ን ለ360 ስታካፍል 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። የጭሱ ሙቀት ከመኪና መኪና ስለሚለያይ ትንሽ አስረዝመህ ጀምር፣ ክዳኑን በፋሸታ (በማጥበቂያ ቀለበት) ብቻ እሰረው፣ ነድተህ አዳምጥ፣ ቆረጥ ቆረጥ እያደረግህ ስትረካ አስበይደው። ስፋቱ ከዋናው ቱቦ ጋር ይቀራረብ። ከወለሉ ሥር ማጠፍ ይቻላል። የተደፈነው ጫፍ ትንሽ ከፍ ይበል፣ አለዚያ ከጭሱ የሚጠራቀመው ውኃ በዝገት ይበላዋል። ቮልስ ላይ ግን ቦታ የለም፣ አትድከሙ።

ጥያቄ፦ ቮልስ ነው የምነዳው። ጩኸቱን ለመቀነስ መስኮት ዘግቼ ስሄድ ራሴን ያመኛል። ከጩኸቱ ይሆን?

መልስ፦ እታለም፣ ይህን ከጩኸት ጋር አታያይዢው። መስኮትሽን ክፈቺ፣ መካኒክ እስኪያየውም አትንጂው። ቮልስ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። ውስጡን የሚያሞቀው አየርም በጭስ ቱቦው ዙሪያ አልፎ ነው የሚመጣው። ያ ሳጥን ከዛገ ጭሱ ከሙቀቱ ጋር ወደ አንቺ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል። "የጭስ ሽታ አልሸተተኝም" ማለት ዋስትና አይደለም። ሳጥኖቹን፣ የማርሚታውን ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያውን የሚደፍነውን)፣ በሞተሩና በኋላ ወንበር መካከል ያለውን ግድግዳ አስፈትሺ። ላንድሮቨር የምትነዱም ስሙ፦ የኋላ በር ከፍታችሁ ስትሄዱ የራሳችሁን ጭስ መልሳችሁ ትስባላችሁ።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ለምን ይብስበታል?

መልስ፦ ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በ20 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩ ይደክማል፣ አንተም ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ትረግጣለህ። በሙሉ ነዳጅ የሚወጣ ጭስ ይጮኻል። በትልቅ ማርሽ አታስጨንቀው፣ ቶሎ ወደ ትንሹ ቀይር። የካንዴላው እሳት ዘግይቶ የሚነሳ ከሆነም ነዳጁ ወደ ቱቦው እየነደደ ይወጣልና ሙቀቱም ድምፁም ይጨምራል፣ አስተካክለው።

ጥያቄ፦ የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ኒኬል ልግጠም?

መልስ፦ ለዓይን ያምራል። ለጆሮ ምንም።

ጥያቄ፦ ማርሚታዬ መንገድ ላይ ወርዶብኝ በሽቦ አሰሩልኝ። ጩኸቱ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

መልስ፦ ልክ ነህ። ማርሚታ የሚንጠለጠለው በጎማ የሆነው በምክንያት ነው። ሽቦ ንዝረቱን ሳይቀንስ ለወለሉ ያስረክባል። ሽቦውን በጥሰህ ጎሚኒ ግዛለት። ከጠፋ ከአሮጌ ጎማ ጎን ባለ ክር ቁራጭ አስቆርጠህ በቡሎን እሰረው። ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ግን አይሆንም፣ ሲሞቅ ይለጠጣል። ስትጨርስ መኪናው ሥር ገብተህ ቱቦውን በእጅህ ወዝውዘው፣ ቀዝቅዞ ሳለ። የትም ቦታ ላሜራ ከነካ ገና አልጨረስክም።