ምሳ ስቋጥር ጸሎቴ ያልፈኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ውጭም እሠራለሁ። ልጆቼ ትናንሽ ሳሉ ሁሉን ነገር በእጄ ነበር የማዘጋጅላቸው። ዳቦውን እኔ እጋግር ነበር፤ መክሰሱን እኔ አሰናዳ ነበር፤ ሹራባቸውን ሳይቀር እኔው ነበርኩ የምሠራው። አሁን አልቻልኩም። ማታ ደክሜ እገባለሁ። ጠዋት በጨለማ ተነሥቼ ምሳቸውን ስቋጥር ሰዓቱ ይሄድና ሳልጸልይ እወጣለሁ። አንዳንድ ቀን ተሠርቶ የተገዛ ነገር ጨምሬ እልካቸዋለሁ፤ ያን ቀን ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ ይውላል። የሌሎች እናቶችን ሙያ በስልክ ሳይ ደግሞ ይብስብኛል። በመጽሐፈ ምሳሌ ስለ ልባም ሴት የተጻፈውን ስሰማ እኔን የሚወቅስ ይመስለኛል። ገዝቼ ማብላቴ ኃጢአት ነው? ማዕድ ቤት የማሳልፈው ጊዜስ ከእግዚአብሔር የተሰረቀ ነው? እሑድም አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሴ የምደርሰው ዘግይቼ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ገዝተሽ ማብላትሽ ኃጢአት አይደለም። ይህን ያስቀደምኩት ልብሽ አርፎ ቀሪውን በእርጋታ እንድታነቢ ነው። እናት ዳቦውን ራሷ ካልጋገረች ትኮነናለች የሚል ትእዛዝ በኦሪትም በወንጌልም የለም። ጌታችን ስለ ወላጆች ሲናገር ያነሣው ልጁ ዳቦ ሲለምነው ድንጋይ የሚሰጥ ማን ነው የሚለውን ነው (ማቴ. 7፥9)። ዳቦው በማን እጅ ተጋገረ የሚል ነገር አላነሣም። ልጆችሽ ጠግበው ከዋሉ ያጎደልሽባቸው ነገር የለም።

ሕሊና ስለወቀሰን ብቻ በድለናል ማለት አይደለም። በእግዚአብሔር ቃል የተቃኘ ሕሊና መልካም ዳኛ ነው። ራሱን ከሰው ጋር ሲያስተያይ የሚውል ሕሊና ግን ያልተበደርነውን ዕዳ ክፈሉ ይለናል። የአንቺን መልእክት ደጋግሜ ሳነበው ወቀሳው የሚበረታብሽ ስልክሽን ከነካካሽ በኋላ ነው። እዚያ ላይ የምታያት እናት ያወጣችልሽ የተሳካላትን ቀን ነው። የደከመችበትን፣ ልጆቿ ላይ የጮኸችበትን፣ ምግቡ ያረረባትን ቀን አታሳይሽም። እሷን ክፉ እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ጌታ ምጽዋትና ጸሎትን እንኳ ለሰው ለመታየት ብላችሁ አታድርጉ ብሏል (ማቴ. 6፥1-6)። የልጅ ምሳም እንዲሁ ነው። ልጅሽ እንዲጠግብ ብለሽ የምትሠሪውና መምህሯ ወይም ጎረቤት አይታ እንድታደንቅ ብለሽ የምትሠሪው ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱን የምታውቂው አንቺና እግዚአብሔር ብቻ ናችሁ። እስኪ አንድ ጊዜ ራስሽን ጠይቂ፤ ክዳኑን ከልጅሽ በቀር ማንም የማይከፍተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ትቋጥሪ ነበር?

አሁን ወደ ልባም ሴት እንምጣ። በዚህ ምዕራፍ የሚጨነቁ እናቶች ብዙ ናቸውና ትንሽ ልቆይበት። ምሳሌ 31 ሲጀምር የንጉሥ ልሙኤል ቃል ነው፤ ያስተማረችውም እናቱ ናት ይላል። እንግዲህ ምክሩን የምትሰጠው እናት ናት፤ የሚሰማው ደግሞ ወንድ ልጇ ነው። ሚስት ለመውቀስ የተጻፈ አይደለም። አንድ ወንድ በቤቱ ያለውን ጸጋ እንዲያይ፣ አይቶም እንዲያመሰግን የተጻፈ ነው። ምዕራፉም ሲያልቅ ልጆቿ ተነሥተው ያመሰግኗታል፤ ባሏም ያመሰግናታል። እኔ ይህን ክፍል ከሴቶች ጉባኤ ይልቅ በወንዶች ጉባኤ ማስተማር ደስ ይለኛል።

ደግሞ ሥራዋን አስተውዪ። ሌሊት ተነሥታ ለቤተሰቦቿ ምግብ ታዘጋጃለች፤ ይህንን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ በፊት ያለውን ቁጥር ግን እንዘለዋለን። እንደ ነጋዴ መርከብ ናት፣ ምግቧን ከሩቅ ትሰበስባለች ይላል (ምሳ. 31፥14)። ሁሉን በጓሮዋ አላበቀለችም። ረዳቶችም አሏት፤ ሥራ ታከፋፍላቸዋለች። ብቻዋን አይደለችም። ግጥሙ 22 ቁጥሮች አሉት፤ በዕብራይስጥ እያንዳንዱ ቁጥር ከ22ቱ ፊደላት በአንዱ ይጀምራል፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ይሄዳል። አንዲት ሴት በዕድሜዋ ሙሉ የሠራችውን መልካም ነገር ሰብስቦ የሚያወድስ ቅኔ ነው። አንቺ ግን ሁሉንም ማክሰኞ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ልትፈጽሚው ትሞክሪያለሽ። በመጨረሻ የምትመሰገነውም እግዚአብሔርን በመፍራቷ እንጂ በመጋገሯ አይደለም (ቁ. 30)።

በእጅ መሥራትን ማቃለሌ ግን አይደለም። ለልጅ በእጅ የተሠራ ነገር ክቡር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የነቢዩ ሳሙኤልን ታላቅ ታሪክ ሲጽፍ የእናቱን ስፌት አልዘለለም። ሐና በቤተ መቅደስ ለሚያድገው ለልጇ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች በየዓመቱ ከባሏ ጋር ስትወጣ ታመጣለት ነበር ይላል (1ኛ ሳሙ. 2፥19)። በዓመት አንድ ልብስ ነው። በቀረው ጊዜ ሳሙኤልን ያበሉት፣ ያሳደጉትም በቤተ መቅደሱ ያሉት ናቸው። ሐና ግን በዚህ እናትነቷ አልጎደለም። ይህ ታሪክ ለሥራ ለሚወጡ እናቶች ትልቅ መጽናኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ሹራብ መሥራት ደስ የሚልሽ ከሆነ በዓመት አንድ ሥሪ። ዳቦ መጋገር የሚያሳርፍሽ ከሆነ ጊዜ ባገኘሽበት ቀን ጋግሪ፤ ልጆችሽም ዱቄቱን ያቡኩ፣ ወጥ ቤቱ ይቆሽሽ። የቀረውን ያለ ጸጸት ግዢ።

ማዕድ ቤት የምታሳልፊው ጊዜ ከእግዚአብሔር የተሰረቀ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ካስነሣ በኋላ ቀጥሎ ያዘዘው የምትበላውን ስጧት ብሎ ነው (ማር. 5፥43)። የ12 ዓመት ልጅ ናት። ተአምሩ ሁሉን ሲያስደነግጥ እሱ መራቧን አሰበ። ከትንሣኤው በኋላም በባሕሩ ዳር ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ላደሩት ደቀ መዛሙርት ፍም ላይ ዓሣ አዘጋጅቶ፣ ዳቦ አቅርቦ ጠበቃቸው፤ ኑ ምሳ ብሉ አላቸው (ዮሐ. 21፥9-12)። ሞትን ድል ያደረገው ጌታ ለደከሙ ሰዎች ምግብ አሰናዳ። እንግዲህ ይህን ሥራ ማን ነው ዝቅተኛ የሚለው? ሐዋርያውም ስትበሉም ስትጠጡም ሁሉን ለእግዚአብሔር ክብር አድርጉት ይላል (1ኛ ቆሮ. 10፥31)። ማብላትም በዚሁ ውስጥ ነው።

ታዲያ ማርታ ለምን ተወቀሰች ትዪ ይሆናል። ምግብ ስለሠራች አይደለም። ጌታ ያላት በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ ትታወኪያለሽ ነው (ሉቃ. 10፥41)። ጭንቀቷ ወደ ምሬት ተለውጦ ነበር። እኅቷን ወቀሰች፤ አልፎም ጌታን ራሱን አይገድህምን አለችው። በሌላ ቀን በቢታንያ እራት ሲደረግለት ማርታ አሁንም ታገለግል ነበር (ዮሐ. 12፥2)። ያን ቀን ግን እሷ አላጉረመረመችም፤ ማንም አልወቀሳትም። ስለዚህ ድካምሽን የምትመዝኚበት ነገር ይህ ይሁን። የምትሠሪው ሥራ እያስመረረሽ ከሆነ፣ ልጆቹን እያስጮኸሽ ከሆነ፣ ባልሽን በክፉ ዓይን እያሳየሽ ከሆነ በዝቷልና ቀንሺው። ጥል ካለበት የሰባ ፍሪዳ በፍቅር የሚበላ ጎመን ይሻላል ተብሎ ተጽፏል (ምሳ. 15፥17)። ቁጣ የተቀላቀለበት የቤት ምግብ ከሚበሉ ይልቅ የተገዛ ነገር በልተው ፈገግ ብላ የሸኘቻቸውን እናት ይዘው ቢወጡ ለልጆችሽ ይሻላቸዋል።

ጸሎትሽን በተመለከተ ሁለት ነገር እነግርሻለሁ።

አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ሐሳብ በዝቶበት ተሰላችቶ ነበር። ጌታ ሆይ፣ መዳን እፈልጋለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ ብሎ ጸለየ። ከዚያ ወጣ ሲል እሱን የመሰለ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደገና ተቀምጦ ሲታታ አየ። መልአክ ነበር። እንዲህ አድርግ ትድናለህም አለው። ታላቁ የመነኮሳት አባት ሥራንና ጸሎትን እያፈራረቁ መኖር ነው የተማረው። አንቺም ምሳ ስትቋጥሪ እጅሽ ነው የተያዘው፤ ልብሽና አንደበትሽ ነፃ ናቸው። የእያንዳንዱን ልጅ ምሳ ዕቃ ስትዘጊ ስሙን ጠርተሽ አቤቱ ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ይህን ልጅ ጠብቀው በዪ። የዚያን ቀን ፈተና ካለበት፣ ጓደኛው ካስቀየመው እሱንም ንገሪው። ይህ እውነተኛ ጸሎት ነው። ሳታቋርጡ ጸልዩ (1ኛ ተሰ. 5፥17) የሚለው ቃል የተነገረው ለመነኮሳት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህ ሁሉ ሆኖ ቆመሽ የምትጸልዪበትን ሰዓት ጨርሰሽ አትተዪው። እየሠራሁ እጸልያለሁ የሚል ሰው ቀስ በቀስ እየሠራ ብቻ ይገኛል። አጭር ይሁን። በስመ አብ ብለሽ አማትበሽ፣ አባታችን ሆይ አድርሰሽ፣ ከመዝሙረ ዳዊት ጥቂት አንብበሽ ወደ ሥራሽ ግቢ። ማዕድ ቤት ሳትገቢ በፊት ይሁን፤ አንዴ ከገባሽ ሰዓቱ ያንቺ አይደለም። ልጆቹ ከተነሡ አብረውሽ ይቁሙ። ስንት መዝሙር ልጸልይ የሚለውን ጉልበትሽን ከሚያውቅ የንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ።

በጥያቄሽ ውስጥ አንድ ሰው አጣሁ፤ ባለቤትሽን። ስለ እሱ ምንም አላልሽም። ልጆቹን ብቻሽን የምታሳድጊ ከሆነ ይህን አንቀጽ እለፊው፤ እግዚአብሔር ጉልበት ይሁንሽ። ባለቤትሽ አብሮሽ ካለ ግን ምሳ መቋጠር የእናት ብቻ ሥራ ነው ያለሽ ማን ነው? እሴይ ልጆቹ በጦር ሜዳ ሳሉ የተጠበሰ እህልና አሥር ዳቦ፣ ለሻለቃቸውም አሥር አይብ ሰጥቶ ዳዊትን የላከው አባት ሆኖ ነው (1ኛ ሳሙ. 17፥17-18)። ዮቶርም ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ለብቻው ሲለፋ አይቶ ይህ ይከብድሃል፣ ብቻህን ልታደርገው አትችልም ብሎታል (ዘጸ. 18፥18)። ሙሴ እኔ ነቢይ ነኝ ብሎ አልተከራከረም፤ ሰማው፤ ሥራውን አከፋፈለ። አንቺም ባለቤትሽን በግልጽ ጠይቂው። ድካምሽን አይቶ ራሱ ይነሣ እያልሽ አትጠብቂ፤ ብዙ ወንዶች ካልተነገራቸው አያዩም። ትልቁ ልጅሽም ማታ የራሱን ምሳ ዕቃ ማጠብ፣ ፍራፍሬውን አጥቦ መክተት ይችላል። ልጅን ማሠራት ጭካኔ የሚመስላቸው አሉ። ለሌላ መድከምን የሚማረው ግን ከዚህ ጀምሮ ነው።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ልጆችሽ በሚበሉበት ቦታ ምሳ ያልያዘ ልጅ፣ ወይም የያዘው ቀላል ስለሆነ ክዳኑን በእጁ ከልሎ የሚበላ ልጅ አይጠፋም። ልጆችሽ በማንም ምሳ እንዳይስቁ አጥብቀሽ ንገሪያቸው። ስትችዪ የሚካፈሉት ትንሽ ጨምሪላቸው። የሌላው ልጅ የማይስማማው ምግብ ሊኖር ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁት። ተርቤ አብልታችሁኛል የሚለውን ቃል (ማቴ. 25፥35) ልጅ የሚማርበት ከዚህ የቀረበ ቦታ አላውቅም። ባማረ ምሳ ከመኩራት ይልቅ ማካፈል የለመደ ልጅ ካሳደግሽ ትልቁን ነገር ሠርተሻል።

የእሑዱን ነገር ግን አላቀልልሽም። ሳምንቱን ሙሉ የሚያደክምሽን ሥራ እግዚአብሔር ያያል፤ ሆኖም ከቅዳሴ መዘግየት ልማድ ሊሆን አይገባም። መፍትሔው በኦሪት ዘጸአት አለ። እስራኤል መናን በየቀኑ ይለቅሙ ነበር። የሰንበት ዕረፍት ዋዜማ በሆነው በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ እንዲለቅሙ፣ የሚጋገረውን ጋግረው የሚቀቀለውን ቀቅለው የተረፈውን እስከ ጠዋት እንዲያቆዩ ታዘዙ (ዘጸ. 16፥22-23)። በሌላ ቀን ያሳደሩት ይተላ ነበር፤ የዚያን ቀኑ ግን አልተበላሸም። እግዚአብሔር ዕረፍቱን ያዘዘው ዝግጅቱንም አብሮ አዝዞ ነው። አንቺም ቅዳሜን እንዲህ ያዥው። ከቅዳሴ መልስ የምትበሉት ቅዳሜ ይዘጋጅ፤ የልጆቹ ልብስና ጫማ ቅዳሜ ማታ አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ የሰኞን ምሳ እሑድ ጠዋት አትጀምሪው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጠላሽን ስትፈልጊ ወይም አንዱን ልጅ ስትቀሰቅሺ ትዘገዪ ይሆናል። ብትዘገዪም ግቢ፤ አፍረሽ አትመለሺ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝግጅቱን አንድ ሰዓት አስቀድመሽ ጀምሪው።