የትኛው አሮጌ ሕንፃ በቅርስነት ይመዝገብ?

ጠያቂያችን «አንድ ሕንፃ በቅርስነት እንዲመዘገብ ስንት ዓመት ሊሞላው ይገባል?» ብለዋል። በቅርስ መረጣና ምዝገባ ሥራ ላይ ለዓመታት እንደቆየ ሰው፣ ከዕድሜ መነሣቱ ያሳስታል ባይ ነኝ። በእርግጥ የዕድሜ መለኪያ ያላቸው አገሮች አሉ። አሜሪካ ለብሔራዊ መዝገቧ በጥቅሉ 50 ዓመት ትጠይቃለች፤ ለየት ያለ ፋይዳ ላለው ግን ገደቡን ታነሣለች። እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1700 በፊት ተሠርተው ይዞታቸውን በአመዛኙ የጠበቁትን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ትመዘግባለች፤ ከድሮው የተረፈው ጥቂት ነውና፤ ወደ ዘመናችን በቀረቡት ላይ ግን ምርጫዋ ጥብቅ ይሆናል።

እኔ የማስቀድመው ጥያቄ «ይህ ቢፈርስ ከሌላ የማናገኘው ማስረጃ ምንድን ነው?» የሚለውን ነው። በአንድ ወቅት የባለጸጋ ቪላና የእህል መጋዘን አብረው ለግምገማ ቀረቡልን። ቪላው በረንዳው ዓይን ይስባል፤ ውስጡ ግን ግድግዳዎቹ ፈርሰው አዳራሽ ሆኗል፣ መስኮቶቹም በአሉሚኒየም ተተክተዋል። በመጋዘኑ በር ጀርባ ያለው ልስን ላይ ጆንያ ቆጣሪዎች በከሰል ያሰመሩት ቁጥር፣ አራት ቁም መስመርና አንድ አግዳሚ እየተደረገ፣ እስከ ትከሻ ከፍታ ሞልቷል። የወለሉ ሳንቃ ተሸካሚዎቹ በተመላለሱበት በኩል ጎድጉዷል። ስለ እነዚያ ሰዎች በሰነድ የተጻፈ አንዳች ነገር አላገኘንም። ድምፄን ለመጋዘኑ ሰጠሁ፤ ዛሬም ብጠየቅ የምሰጠው ለእሱ ነው።

«እንደገና የተሠራ ሕንፃ ቅርስ አይሆንም» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። በዚህ አልስማማም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደመው የፖላንድ መዲና የዋርሶ አሮጌ ከተማ ዳግም ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው፣ የመልሶ ግንባታው ሥራ ራሱ ታላቅ ታሪክ ስለሆነ ነው። ለእይታ ሲባል በግምት የተሠራ የሕንፃ የፊት ገጽታ ግን ከዚህ ጋር ጨርሶ አይነጻጸርም።

ስለዚህ ጥቆማ ስታቀርቡ፣ እባካችሁ፣ «ጥንታዊና ውብ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ፋይዳውን የተሸከመው የትኛው ግድግዳ፣ የትኛው ደረጃ፣ የትኛው ልስን እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ፤ ፎቶግራፍም አያይዙ። ይህ ካልተጻፈ እድሳት በመጣ ጊዜ ሥራ ተቋራጩ ልስኑን ፍቆ ቀለም ይቀባዋል፤ ሕንፃው በመዝገብ እንደሰፈረ የተመዘገበበት ምክንያት ይጠፋል። ባለቤቱንም ከውሳኔው በፊት አነጋግሩ፤ ምን መቀየር እንደሚችልና ምን እንደማይችል አስቀድሞ ያወቀ ባለቤት ጣሪያው ሲያፈስ ቶሎ ያስጠግናል።