በጋራዥ ለምትውሉ ልጆቼ፦ ስለ መስኮቱ ጥቁር ጠርዝ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ ተክለሃይማኖት ግድም ካለች ጠባብ ጋራዥ ሆኜ ነው። መኪና ቀለም ስቀባ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ወደ ሙያው የሚመጣ ልጅ ሁሉ በመጀመሪያ መማር የሚፈልገው ኮፈን መቀባት ነው። ኮፈን ሰፊ ነው፣ ያበራል፣ ባለቤቱ ገና ከበር ሲገባ ያየዋል። እኔ ግን ጀማሪን ኮፈን አላስነካም። በመጀመሪያ የምሰጠው የመስኮቱን ጥቁር ጠርዝ ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ1981 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ እኔም እንደናንተ ጀማሪ ሳለሁ፣ አንዲት እናት ነጭ ኮሮላቸውን አምጥተው «ለበዓሉ ትንሽ አሳምሩልኝ» አሉ። የመስኮቶቹ ዙሪያ አመድ መስሎ ነበር። አለቃዬ ወጣ ብለው ስለነበር እኔ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። ከሊስትሮ ጥቁር የጫማ ቀለም ገዝቼ ጠርዙን በጨርቅ ቀባሁት፣ በብሩሽም ወለወልኩት። አማረ። እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። በበዓሉ ማግስት ተመልሰው መጡና ከፌስታል ውስጥ ነጠላቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ። ከትከሻው እስከ ጥለቱ ድረስ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። ጃንሜዳ ደርሰው ከመኪናው ሲወርዱ በሩን ደገፍ ብለው ነበር። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ይኼ ይለቃል?» ብቻ አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የጫማ ቀለም ሰምና ማቅለሚያ ነው። ለቆዳ የተሠራ እንጂ ፕላስቲክ ላይ ደርቆ የሚይዝ አይደለም። ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ የነካው ሁሉ ላይ ይጋባል። አሁንም በየሰፈሩ የምታዩት የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ይብሳል፤ አቧራውን ይሰበስባል፣ የመስኮቱን ጎማም ያሳብጠዋል። ለጥቂት ቀን ያጠቁራል፣ ባለቤቱም ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል፣ ከዚያ መጀመሪያ ከነበረበት የባሰ ይሆናል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሙያተኛ ነው ብዬ አላምንም፤ በግልጽ የምነግራችሁ ስለምወዳችሁ ነው።

ጠርዙ ለምን እንደሚገረጣ ካላወቃችሁ ልታድኑት አትችሉም። አየራችን ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስለናል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ጠዋት ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ ቆማ ማታ የምትነሳ መኪና ቀኑን ሙሉ ያንን ትጠጣለች። ጨረሩ የፕላስቲኩን የላይኛውን ቆዳ ይሰባብረዋል፤ በጣታችሁ ስትነኩት የሚወጣው ነጭ ዱቄት የተሰባበረው ፕላስቲክ ራሱ ነው። ከሥሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ገና ጤነኛ ነው።

እንግዲህ መኪናው ሲመጣላችሁ ስፕሬይ አታንሱ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ጠይቁት። «ጥቁር ጠርዝ» የምንለው አንድ ነገር አይደለም። ማግኔት ከኪሴ አይጠፋም፤ ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ተፈትቶ የሚወጣ ከሆነ ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ፤ ፋብሪካው ብዙ ጊዜ የፕላስቲኩን ዓይነት በፊደል ያትምበታል። ፒ.ፒ. የሚለውን ካያችሁ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ቀለም የማይወድ ፕላስቲክ ስለሆነ ለፕላስቲክ የተሠራ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙን እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባው፣ ካልቀደመለት የቀባችሁት በሳምንታት ውስጥ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ለስላሳና ተጣጣፊ ከሆነ ጎማ ነው፤ እሱን ቀለም አትቀቡት። ታጥቦ በውኃ ላይ የተመሠረተ የጎማ ማደሻ ይበቃዋል፤ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ይቀየር። በመስታወቱ ሥር ያለው ጎማ ከደረቀ የክረምቱ ዝናብ በሩ ውስጥ ይወርዳል፣ በሩም ከታች መዝገት ይጀምራል። እግረ መንገዳችሁን በበሩ ግርጌ ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ክፈቱ። ባለቤቱ ባይጠይቃችሁም አድርጉት።

አብዛኞቻችሁን የሚያሳስታችሁ በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ነው። በብዙ ቶዮታዎች ላይ እሱ የተለጠፈ ጥቁር ፊልም ነው እንጂ ቀለም አይደለም። የተላጠ ቀለም መስሏችሁ በብርጭቆ ወረቀት ብትጀምሩት ይሸበሸባል፣ ሙጫው ይጠቀለላል፣ ቀኑ ይመሻል። በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያላችሁ አሙቁት፤ እጅ የሚችለው ያህል ብቻ። ከአንዱ ጥግ በጥፍር አንስታችሁ ወደ ራሱ አጥፋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ቸኩላችሁ ከሳባችሁት እየተበጣጠሰ ይወጣል፤ በዝግታ ከሆነ አንዳንዴ እንደ ሙዝ ልጣጭ በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ ያን ጊዜ የሚሰማውን ደስታ ያገኘው ያውቀዋል። የቀረውን ሙጫ በአልኮል ወይም በነጭ ጋዝ አርሳችሁ በጨርቅ አንሱት። ቲነር አታድርጉ፤ ከጎኑ ያለውን ዋና ቀለም ይበላዋል። በነጭ ጋዝ ከሆነ በኋላ በሳሙናና በውኃ እጠቡት፤ ቅባት የቀረበት ቦታ ላይ አዲሱ ፊልም አይዝም።

ለሚቀባው ጠርዝ ደግሞ ከጊዜያችሁ አብዛኛውን ለዝግጅቱ ስጡ። በዕቃ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ ጥጋጥጉ ውስጥ የከረመው አቧራ እስኪያልቅ። የተነሳውን ቀለም በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አውርዱ፤ ከዚያ በ600 ውኃ እየነካችሁ አለስልሱት። የተላጠውና ያልተላጠው የሚገናኙበትን ቦታ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ዳስሱት። ጣታችሁ ደረጃ ካገኘ ቀለሙም ያገኘዋል። ባዶ አሉሚኒየም ወጥቶ ከሆነ ለእሱ የሚሆነውን ፕራይመር ሳታለብሱት አትለፉ።

የወረቀት ፕላስተሩን ስትለጥፉ ጠርዙን በጥፍራችሁ ተጫኑት፤ ከመስታወቱና ከጎማው በታች ትንሽ እንዲገባ አድርጉ። መኪናውን በሙሉ ሸፍኑት። የስፕሬይ ብናኝ ሁለት ሜትር ርቆ ጣሪያው ላይ ያርፋል፤ ይህን በሰው መኪና ላይ እንድትማሩት አልፈልግም።

እኔ የምቀባው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ቅዝቃዜው ሲለቅና ነፋሱ ገና ሳይነሳ ነው። ወለሉን ውኃ እረጨዋለሁ፣ አቧራው እንዲተኛ። ክረምት ላይ ደመናው ከከበደ አልቀባም፤ እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ነጭ ጉም ይጥላል። ጣሳውን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ስስ አድርጋችሁ አልፉ። የመጀመሪያው ዙር የቀባችሁ እንኳን መምሰል የለበትም፣ ከሥሩ ይታያል፤ ተዉት። አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ፕላስተሩን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ኋላ አጥፋችሁ ንቀሉት፤ ከደረቀ በኋላ ከነቀላችሁት አብሮት ይነሳና ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ቀለሙን የሚያንጸባርቅ አትምረጡ። ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙዎቹ ደብዘዝ ያሉ ናቸው፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር አሮጌ መኪና ላይ ከሩቅ ያስታውቃል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ያሉት አሮጌ ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ብዙ ዓመት በእጃችን ያልፋሉ። ሥራ አታጡም።

ባለፈው ሳምንት ከእኔ ጋር የሚሠራው ልጅ ከአንድ ኮሮላ የኋላ በር ላይ ፊልሙን ሲያነሳ ከሥሩ ዝገት አገኘ፤ የአሥር ሳንቲም ፍራንክ ስፋት ያህል፣ ሲጫኑት የሚሰረጉድ። ባለቤቱ ማታ ሠርግ ነበረባቸው። አዲሱ ፊልም ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ቢለጠፍ ማንም አያይም። እኔ ከወዲያኛው መኪና ሥር ሆኜ ዝም ብዬ እመለከተዋለሁ። ልጁ እጁን ጠርጎ ስልኩን አነሳ። «ጋሼ፣ ከሥሩ ዝገት አለ፤ ዛሬ አይደርስም» አላቸው። መጥተው ጎንበስ ብለው አዩት፣ በጣታቸው ነኩት። «ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉት። «ሁለት» አለ። ቁልፉን እጁ ላይ አስቀምጠው በታክሲ ሄዱ።