የካሩሶን ሸክላ አልኮል እንዳታስነካው

"ከአያቴ የወረስኳቸው የጣሊያናዊው የኦፔራ ዘፋኝ የኤንሪኮ ካሩሶ ሸክላዎች ቆሽሸዋል። በምን ላጽዳቸው? ወደ ኮምፒውተርስ እንዴት ልገልብጣቸው?" ብለህ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ አልኮል ይዘህ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስቀምጥ።

1. አልኮል በፍጹም። የእኔ ከአባቴ የመጡ ሰባት ነበሩ፤ አሁን የሚሰሙት ስድስት ናቸው። የቪኒል (የኋለኛው ዘመን ፕላስቲክ) ሸክላዎቼን ሁሌም አልኮል በተቀላቀለበት ውሃ ነበር የማጸዳው። ምንም ሆነው አያውቁም። የካሩሶ ግን ቪኒል አይደሉም። የተሠሩት ሼላክ ከሚባል፣ ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነው። ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። የእንጨት ቀለም ቀቢዎች የሚበጠብጡት በእሱ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም። ጥጡ ሲጠቁር ቆሻሻው ለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ፤ ጠበቅ አድርጌ አሸሁት። ለካ የሚለቀው ራሱ ሸክላው ነው። የ1907ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የፓልያቺ ኦፔራ ዘፈን ነበር። ካሩሶ በ1902 እና በ1904 ቀርጾት፣ ለሦስተኛ ጊዜ የተቀረጸው። አባቴ እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚያወጣው ሸክላ! አሁን መሃሉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንተ የተጣራ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ያዝ። መርፌው በሚሄድበት ቦይ አቅጣጫ ጥረግ። መሃል ያለውን ወረቀት አታርጥብ።

2. መርፌ። እንደ ካሩሶ ያለው የ78 ዙር (በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር) ሸክላ መርፌ ጫፉ ከቪኒሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ቀጭኑ መርፌ ቦዩ ሥር ገብቶ ቆሻሻውን ነው የሚያነብልህ። የተረፉትን ስድስቱን ባለሙያ ነኝ ላለ ሰው ሰጠሁ። በቪኒል መርፌ ገለበጣቸው። ስጠይቀው "የድሮ ድምፅ እንዲህ ነው፣ ምን ጠበቅህ?" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ሒሳቡን ግን ሙሉ ተቀበለ።

ሁሉንም ደግሞ በ78 ዙር ነው ያጫወታቸው። ካሩሶ ሚያዝያ 1902 ሚላን ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ 10 ዘፈን በ100 ፓውንድ ሲቀረጽ ፍጥነቱ ከዚያ ያነሰ ነበር። በ78 ስታጫውተው ያ ወፍራም፣ ጥቁር ድምፅ ይቀጥናል፤ ሰውየው የሚሮጥ ይመስላል። እኔ ኖታውን ይዤ፣ ከፒያኖ ጋር እያስተያየሁ፣ የእያንዳንዱን ፍጥነት ራሴ አገኘሁ። አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ሲስተካከል ካሩሶ ራሱ ክፍሉ ውስጥ የገባ ነው የመሰለኝ።

ሿ የሚለውን ድምፅ በኮምፒውተር ጨርሰህ ላጥፋ አትበል። ካሩሶ የሞተው በ1921 ነው፤ በማይክሮፎን መቅረጽ የመጣው በ1925። እሱ የዘፈነው ድምፅ የሚሰበስብ፣ ቀንድ የሚባል ትልቅ መለከት ውስጥ ነው። ቀንዱ የያዘው ጥቂት ነው፤ ሿታውን ስትቆርጥ ያችንም ጥቂት አብረህ ትቆርጣታለህ።

ጀርባቸው ባዶ ቢሆን አትደንግጥ፤ የዚያን ጊዜ የቪክተር ኩባንያ ባለ ቀይ ወረቀት ሸክላዎች ባለ አንድ ገጽ ነበሩ። ከወረቀቱ አጠገብ የተቀረጸ ቁጥር ታገኛለህ። እሱን ጻፍልኝና መቼ እንደተቀረጸ፣ በስንት ዙር እንደሚጫወት አብረን እንፈልጋለን።