ለጤና ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ለምትመርጡ ልጆች

የተወደዳችሁ ልጆች፣

ክረምቱ ገብቶ የዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ማስታወቂያ መውጣት ሲጀምር ስልኬ ሥራ አይፈታም። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከደብረ ሲና፣ ከአረርቲ የሚደውሉ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና አዋላጆች፣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ «ሲስተር፣ ጤና ፖሊሲ ማስተርስ ልማር አስቤ ነበር፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻለኛል? ሥራስ ያስገኛል ወይ?» ይሉኛል። ከ35 ዓመት በላይ በጤና ጣቢያና በጤና መሥሪያ ቤቶች አገልግዬ በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ ጊዜ አለኝና፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ፈርቼ ቤት በምውልበት በዚህ ሰሞን፣ ለእያንዳንዳችሁ በተቆራረጠ ስልክ የምነግራችሁን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ጥያቄያችሁ ከኋላ የሚመጣውን ከፊት ያስቀደመ ይመስለኛል። የዩኒቨርሲቲው ስም ከመመረጡ በፊት ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፤ እነሱም ልትመረምሩት የምትፈልጉት የሥራ ችግርና ስትመለሱ ልትቀመጡበት የምትችሉት የሥራ መደብ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ከተለዩ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይመጣል፤ ካልተለዩ ግን ታላቅ ስም ያለው ትምህርት ቤትም ቢሆን ብዙ አይረዳችሁም።

ሁለተኛውን ላስቀድም፤ ያሳፈረኝ እሱ ነውና። ከዓመታት በፊት በአንድ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ አባል ሆኜ ተቀምጬ ነበር። በማስታወቂያው ላይ «የትምህርት ዝግጅት» በሚለው ረድፍ ሦስት የሙያ ዓይነቶች ተዘርዝረው፣ መጨረሻ ላይ «ወይም ተዛማጅ» የሚል ተጨምሯል። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣው ልጅ የሁለተኛ ዲግሪው ስያሜ ረጅምና አዲስ ስለነበር ከሦስቱ ከአንዱም ጋር አልገጠመም። የዲግሪውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን «ይህ ተዛማጅ ነው፣ አይደለም» እያልን ከጠዋት እስከ ምሳ ተከራከርን፤ ትራንስክሪፕቱን ገልጦ የወሰዳቸውን ኮርሶች ያነበበ ግን አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ የወጣው እንዲቀጠር በቃለ ጉባኤ ተወሰነ፣ እኔም ፈረምኩ። ልጁ ውጤቱን በሰሌዳው ላይ አንብቦ በዝምታ ሲወርድ በደረጃው ላይ ተላለፍን፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሉን ማስታወቂያ ከማንበባችሁ በፊት የሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስቡ። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የዕቅድ ባለሙያ ሲፈልግ፣ ክልል ጤና ቢሮ ሲያወጣ፣ የጤና መድን መሥሪያ ቤት ሲያወጣ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ሲቀጥር፣ ዩኒቨርሲቲዎች ሌክቸረር ሲጠይቁ፣ የትምህርት ዝግጅቱ ረድፍ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት። የአንድ ዓመት ማስታወቂያ ብትሰበስቡ የትኛው ስያሜ ደጋግሞ እንደሚመጣ ታያላችሁ፤ ጠቅላላ የሕዝብ ጤና፣ ጤና ኢኮኖሚክስ፣ የጤና አገልግሎት ሥራ አመራር፣ ጤና ሥርዓትና ፖሊሲ፣ ክትትልና ግምገማ እየተባለ ይለያያል። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓይነት ኮርስ እያስተማሩ በተለያየ ስያሜ ሊያስመርቁ ስለሚችሉ፣ በዲግሪው ላይ በትክክል የሚታተመው ምን እንደሆነ ከሬጅስትራር ጠይቁ። ኮሚቴዎች ከስያሜው አልፈው ይዘቱን እንዲያዩ የምመኝ ብሆንም፣ እናንተ የምትወዳደሩት ዛሬ ባለው ኮሚቴ ፊት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልመለስ። ጤና ፖሊሲ ማለት አዲስ አበባ ላይ የሚጻፍ ሰነድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች አንድ ቀበሌ ሊይዙ ነው ሲባል እኛ ነርሶች ሻይ እየጠጣን ስቀን ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እነዚያ ልጆች ከቁልቁለቱ ማዶ ያለችውን ነፍሰ ጡር በስሟና በወሯ ሲጠሩልኝ፣ እኔ ግን ጤና ጣቢያው ደጅ ድረስ የመጣውን ሰው ብቻ እንደማውቅ ገባኝ። በቀበሌ ስንት ሰው ይመደብ፣ ደመወዙን ማን ይክፈል፣ የሚያስተምሩት ምን ይሁን የሚለው ውሳኔ እኔ በመርፌና በጓንት ልደርስበት የማልችለውን ቤት ከፍቶ ነበር። ትምህርቱን የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ፍላጎቴ ልክ ሆኖ ምርጫዬ ተሳሳተ። ስሙን የማልጠቅሰውን ዩኒቨርሲቲ የመረጥኩት ሰው ሁሉ ስለሚያከብረው ብቻ ነው። የደረሰኝ አማካሪ ከእኔ ሌላ ብዙ ተማሪ ያለበት ስለነበር ርእሴን ራሱ መረጠልኝ፤ ረቂቄን በሰጠሁት በሦስተኛው ወር በተጣበቀበት ስቴፕል እንዳለ መለሰልኝ። በዲፌንሱ ዕለት ተጨበጨበልኝ፣ ጥሩ ውጤትም አገኘሁ። ከዓመታት በኋላ ጽሑፉን ከመደርደሪያ አውርጄ ሳገላብጥ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገጽ 31ን ሁለት ጊዜ አስገብቶት አየሁ። አማካሪዬም ሆነ ፈታኞቼ፣ እኔም ራሴ ሳላየው ተመርቄያለሁ።

ከእኔ በተቃራኒ የሄደ አንድ ወጣት ላሳያችሁ። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሥራ ላይ የነበረ የመንዝ ደጋ ጤና መኮንን ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሲስፋፋ፣ ይህ ልጅ በየዓመቱ አባልነታቸውን የማያድሱ አባወራዎች ጉዳይ አሳሰበው። ቤቴ ሲመጣ የመዝገቡን ቅጂ ይዞ ነበር፤ የአንድ አባወራ የጣት አሻራ ቀለም ከወረቀቱ ጀርባ ዘልቆ፣ ከስሙ አጠገብ አንድ ዓመት «አድሷል»፣ በሚቀጥለው ዓመት ባዶ፣ እንደገና «አድሷል» ይላል። «ሲስተር» አለኝ፣ «መዋጮውን የምንሰበስበው የመኸር እህል በገባበት ወቅት ነው። በእኛ ቀበሌ ግን ገበሬው በበልግ ገብስ የሚያድር ነው፤ እጁ ብር የሚያየው በሰኔና በሐምሌ ነው። ታዲያ ሰውየው የሚቀረው ድሃ ስለሆነ ነው ወይስ ወቅቱ ስላልገጠመለት?»

ለምን አሁን ነገርኳችሁ? ይህ ጥያቄ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ይመርጣልና ነው። ልጁ የሚፈልገው የጤና ፋይናንስ ያስተማረና በቤተሰብ ደረጃ የመክፈል አቅምን የለካ መምህር ነው፤ የወረርሽኝ ጥናት የሚያስተምር የታወቀ ክፍል ቢገባ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥያቄውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። የክፍሉን መምህራን ስም ከድረ ገጽ አውጥቶ፣ የጻፏቸውን እያነበበ፣ ለሦስት ሰዎች ጥያቄውን በአንድ ገጽ ጻፈላቸው። አንዷ በአራተኛው ቀን መልሳ «የመዋጮውን ወቅት የሚወስነው ማን ነው? ወረዳው ወይስ ክልሉ?» ብላ ጠየቀችው። እሱም እዚያ ተመዘገበ። የሷን ዩኒቨርሲቲ ስም ብነግራችሁ ሁላችሁም እዚያ ስለምትሰለፉ አልነግራችሁም።

በየዩኒቨርሲቲው ደጅ ያለውን ግን በጥቂቱ ልጠቁም። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. ጤና መኮንኖችን ለማሠልጠን የተከፈተ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የነበረና የጤና ሥርዓትና ፖሊሲ የትምህርት ክፍል ያለው ነው፤ ዳባት ላይ ቤት ለቤት የሕዝብ ምዝገባ የሚያካሂድበት የምርምር ጣቢያም አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቡታጅራ የረጅም ዘመን የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ስላለው፣ በተጨማሪም ጤና ሚኒስቴርና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቅርቡ ስለሆኑ፣ ሰነድ የሚረቀቅበትን ክፍል ማየት ለሚፈልግ ይመቻል፤ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ግን አስቀድማችሁ አስሉት። ጅማ ከተመሠረተበት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ እያወጣ በማስተማር ይታወቃል፤ ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የጀመረው የሆስፒታል አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪም ሆስፒታል መምራት ለምትሹ የተለየ መንገድ ነው። የራሳችን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓሱ ከቤታችሁ ሳትርቁ፣ የምታውቁትን ወረዳ መዝገብ በእጃችሁ ይዛችሁ እንድትማሩ ያስችላል። «የአገር ቤቱን ማን ያየዋል» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የበልጉን ገብስ ማስረዳት የማያስፈልገው አማካሪ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። የግል ኮሌጅ የምታስቡ ደግሞ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙ በጥቅሉ ፈቃድ ያለው መሆኑ እንደማይበቃ እወቁ፤ ያ ፕሮግራም፣ በዚያ ካምፓስ፣ በዚያ ደረጃ ዕውቅና ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ።

ውጭ አገር ለሚያስቡ አጭር ነኝ። ለንደን ላይ የሐይጂንና ትሮፒካል ሜዲሲን ትምህርት ቤቱና የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤቱ በጋራ የሚሰጡት የጤና ፖሊሲ፣ ዕቅድና ፋይናንስ ማስተርስ በዚህ ሙያ የታወቀ ነው፤ የአንትወርፑ የትሮፒካል ሕክምና ተቋምም ከእኛ ዓይነት አገር የሚመጡ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ኖሯል። የብሪታንያው ቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅና ከትምህርቱ በኋላ አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት እንድትቆዩ ስለሚያስገድድ፣ የጤና ጣቢያ አገልግሎታችሁን ኪሳራ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። በማመልከቻው ላይ ከሁሉም የሚበልጥላችሁ የመዝገቡ ታሪክ ነው።

ስለ ሥራው ዕድል እውነቱን ካልነገርኳችሁ ደብዳቤዬ ጎደሎ ይሆናል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ማስተርስ የያዘ ሁሉ ዓይኑ መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ላይ ነበር፤ ደመወዙም መኪናውም እዚያ ስለነበር አልፈርድበትም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲቆም ግን ከማውቃቸው ልጆች ብዙዎቹ በአንድ ሰሞን የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ከእነሱ ፈጥኖ ሥራ ያገኘው የአገር ውስጥ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበትን ሥራ የሚያውቀው ነው፤ የጤና መድን ሒሳብ፣ የጤና ተቋማት የውስጥ ገቢ አጠቃቀም፣ የወረዳ በጀት አደላደል። እነዚህን የሚያስተምር ኮርስ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ መኖሩን እዩ። የእኛ ዞን ጥያቄ አያጣም፤ ደብረ ብርሃን በመጠለያ ያሉ ተፈናቃዮች የመድን አባል የሚሆኑት በየትኛው ቀበሌ ስም ነው? በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተዘረፉ ጤና ጣቢያዎችስ መልሰው ሲቋቋሙ ዕቃው በምን ቅደም ተከተል ተሰጠ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ዞኑም ክልሉም ያስፈልገዋል።

መሥሪያ ቤታችሁ ከላካችሁ የምትፈርሙትን የአገልግሎት ግዴታ ውል ከነዋሱ አንብቡት፤ ሲመለሱ በምን መደብ እንደሚቀመጡ በውሉ ያልተጻፈላቸው ሰዎች ማስተርሳቸውን ይዘው ወደ ቀድሞ ወንበራቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። በቅዳሜና እሑድ ልማር የምትሉ ከሆነ መንገድ በሚዘጋበት ሳምንት ያለፋችሁ ክፍል እንዴት እንደሚካካስ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ከምዝገባው በፊት ሒሳብና እንግሊዝኛ መከለስ ጀምሩ፤ ከትምህርት ከወጣችሁ አሥር ዓመት የሆናችሁ በተለይ።

ለመምህራኑ የምትጽፉትን አንድ ገጽ ከመላካችሁ በፊት ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል፤ ቀዩን እስክሪብቶ ገና አልጣልኩትም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕታችሁ ግን ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲላክ ሳምንታት ይፈጃልና፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ነገ ጠዋት ሬጅስትራር ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የወጪ መጋራት ዕዳ ያለባችሁም የክፍያውን ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

ሲስተራችሁ፣ ከደብረ ብርሃን